በቀይ የተሰረዙት ቃለ አጋኖዎች

መምህር ሰይፈ ሥላሴ ከበረንዳቸው ሥር፣ የደረጃው ድንጋይ ላይ ወድቀው የተገኙት ሰኞ በዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ወንበራቸው ከአጠገባቸው ተገልብጧል፤ ቀይ እስክሪብቶ ከጣታቸው አልወጣም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ለደባርቅ አስጎብኚዎች እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ የማያውቅ ሰው ነበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ኢንስፔክተር ማንጠግቦሽ በረንዳው ላይ ካለው ጠረጴዛ የሦስት ተማሪዎቻቸውን ደብተሮች ስታነሣ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ፣ በቅሎ ነጂው እንግዳው፣ አስቀድሞ ታስሯል። ሰኞ ጠዋት እዚሁ በር ላይ ሲጮህ መንደሩ ሁሉ ሰምቶታል። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር የሚወስደው መኪና ተዘጋጅቷል። ሚስቱ ከወለደች ገና ዐሥር ቀኗ ነው።

«ለምን ጮህክ?» አለችው ማንጠግቦሽ እስር ቤቱ ድረስ ሄዳ።

«ለአስጎብኚነት ፈተና የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ ብላቸው፣ ‹ገና ነህ› አሉኝ። ተናደድሁ። እኔ በቅሎዬም ላይ እጮሃለሁ፣ ኢንስፔክተር። ጮኼ ሲወጣልኝ ሄድሁ።»

ሌሎቹ ሁለት ተማሪዎች ሊድያና ያየህ ናቸው። ሊድያ ለተራራ ተጓዦች ምግብ አብሳይ ናት፤ ሰኞን ሙሉ ዐሥራ ሁለት እንግዶች ስታበላ ውላለች። ደብተሮቹን ስታይ እያለቀሰች ሣቀች።

«ያየህ እኮ ‹ሻይ ፈልቷል› ብሎ ሲጽፍ እንኳ ቤት የተቃጠለ ያስመስለዋል። ለአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቃለ አጋኖ! መምህር ስንት ጊዜ ለመኑት።»

ያየህ ዐሥር ዓመት እንግዳ የመራ አስጎብኚ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሰኞ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄጄ ኮሶዬ ነበርሁ፣ እንግዳ ልቀበል። ደብተሬን እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።»

ማንጠግቦሽ የሟቹ ታላቅ እኅት እናናዬ ወደ ተቀመጡበት ገባች።

«እማማ፣ ወንድምዎ ደብተር ሲያርሙ እንዴት ነበር?»

«ተማሪውን ፊቱ ያስቀምጥና ‹ጮክ ብለህ አንብብ› ይለዋል። ድምፁ ከልቡ ከፍ ያለበት ላይ ምልክቱን ይተውለታል፤ ሌላውን በቀይ ይሰርዘዋል። የሌለ ሰው ደብተርማ አይነካም። ‹ድምፁን ሳልሰማ በምን ልፍረድ?› ይላል።»

«እስክሪብቶው አዲስ ነው።»

«የድሮው ቅዳሜ ነው ያለቀ። ይኼን ሰኞ በስድስት ሰዓት ገዝቼ ሰጠሁትና ዳባት ለቅሶ ሄድሁ። ስመለስ…»

ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀር ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ። እንግዳው በካቴና መጣ። ማንጠግቦሽ ደብተሮቹን ዘረጋቻቸው።

«የቅዳሜው የቤት ሥራ ወደ ጊች ለሚወጡ እንግዶች ደብዳቤ መጻፍ ነው። ሊድያና እንግዳው የጻፉበት ገጽ ላይ ቀይ የለም። ያየህ የጻፈበት ላይ አለ። ‹እንኳን ደህና መጣችሁ› ከሚለው ከሦስቱ ቃለ አጋኖዎች ሁለቱ ተሰርዘው አንዱ ቀርቶለታል። ‹ቁርስ በአንድ ሰዓት ነው› ከሚለው ሦስቱም ተሰርዘዋል፤ ለቁርስ ሰዓት ማንም አይጮህም። ‹በቅሎዎቹ ዝግጁ ናቸው› ላይ ግን መስመሩ ተጀምሮ እስከ ገጹ ጫፍ ተንሸራትቷል። ‹ከገደሉ ጫፍ ራቁ› የሚለው፣ በእውነት ጩኸት የሚገባው፣ ሳይነበብ ቀረ።»

«እሑድ አርመውት ይሆናላ» አለ ያየህ።

«እሑድ ቀይ እስክሪብቶ አልነበራቸውም። ቀዩ የመጣው ሰኞ በስድስት ሰዓት ነው፤ አንተ ኮሶዬ የገባኸው ደግሞ በዐሥር ሰዓት፤ እዚያ ደውዬ ጠይቄአለሁ። የደብተሩ ባለቤት ፊታቸው ካልተቀመጠ አያርሙም። ተቀምጠህ አንብበሃል፣ ያየህ። ሲሰርዙብህ ደብተሩን ነጠቅሃቸው፤ እጃቸው ተንሸራተተ፤ ወንበሩም ወደ ደረጃው ተገለበጠ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ጥለህ ሄድህ።»

ያየህ የበረንዳውን ምሰሶ ተደገፈ።

«ዐሥር ዓመት እንግዳ የመራሁ ሰው፣ እንደ ሕፃን አስነበቡኝ። ነጠቅሁ እንጂ አልገፋኋቸውም።»

«አምንሃለሁ። ግን ጎረቤቱ እዚህ ነው። አንድ ጊዜ ብትጣራ ሰው ይደርስላቸው ነበር። እኛም የጮኸውን አሰርን።»

የእንግዳው ካቴና ተፈታ። ማንንም ሳይሰናበት ወደ አራስ ቤቱ ሮጠ። ፖሊሱ በዚያው ካቴና የያየህን እጅ ሲያስር እናናዬ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ስትሄድ ትንፋሹ ነበረች?»

«ነበረች።»

«ምን አለህ ወንድሜ?»

«ስሜን ጠሩኝ። ቀስ ብለው።»

እናናዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«እንዳትሄድ ነበር የጠራህ፣ ልጄ» አሉት።