ትንፋሽ የማይችለው ሚዛን

ጥዑመልሳን ልዩን ያወቃት ስትቆጣው ነው።

በቴክሳሷ ካሮልተን፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ወዳለች የጥንት ሳንቲም መደብር ፓኬጅ ሊያደርስ በሩን በክርኑ ገፍቶ ሲገባ፣ ሚዛን ላይ ያጎነበሰች ጠይም ልጅ ቀና ሳትል በእንግሊዝኛ በሩን እንዲዘጋ አዘዘችው። ከዚያም ለራሷ፣ «ይሄ ደግሞ ንፋሱን ይዞብኝ መጣ» ብላ በአማርኛ አጉረመረመች።

«ንፋሱ የቴክሳስ ነው። እኔ ያመጣሁት ፓኬጁን ብቻ ነው» አላት።

ቀና አለች። ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት።

የሚዛኑ የመስታወት ክዳን ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ ንፋስ ቁጥሩን እንዳያናውጠው፣ ልዩ ስትመዝን በር አይከፈትም፤ በነሐሴ ሙቀት ማቀዝቀዣው ኤሲ እንኳ ይጠፋል። ጥዑመልሳን የቀኑን የመጨረሻ ፓኬጅ ለእሷ መደብር ማስቀረት ለመደ። በሩ ጋ ቆሞ፣ ላቡ በአንገቱ እየወረደ ያያታል። እሷም የሮማ ሳንቲም በመቆንጠጫ አንስታ፣ በአጉሊ መነጽር እያገላበጠች ታስተምረዋለች፦ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የፈሰሰ ሐሰተኛ ሳንቲም ጠርዙ ላይ ስፌት የመሰለ መስመር ይተዋል፤ ፊደሉም ይደንዛል። በመልኩ አታሎ ቢያልፍ እንኳ ክብደቱ ያጋልጠዋል። ቁጥሩ እስኪረጋ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ሲረጋ እኩል ይተነፍሱና ዓይን ለዓይን ይገጣጠማሉ። የተዋደዱት እንዲህ ነው፤ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ።

የልዩ አባት አቶ ክፍሉ ግን ሌላ ሐሳብ ነበራቸው። ጎረቤት ከተማ ፕሌኖ ቤት የገዛው፣ የባንክ ሠራተኛው አለማየሁ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ከጥሎሹ ጋር የንግሥት እሌኒ ልጅ የቆስጠንጢኖስ ምስል ያለበት የሮማ ወርቅ እንደሚሰጥም አስነግሯል። አቶ ክፍሉ በእሌኒ ስም ልባቸው ቢነካም ነገሩ ጉራ መሰላቸው። «ልጄ ትመዝነው። ወርቁ እውነተኛ ከሆነ ሰውየውም እውነተኛ ነው፤ ሰጥቻለሁ። ከጎደለ ግን ደጄን እንዳይረግጥ» ብለው ለሽማግሌዎቹ ቃል ገቡ። ልዩን የጠየቃት አልነበረም።

ጥዑመልሳን ይህን ሲሰማ ብዙ አላሰበም። «ታዲያ ቀላል ነው። ጎደለ በያ። ማን ያውቃል?»

ልዩ አተኩራ አየችው። «እኔ አውቃለሁ። ደግሞ በውሸት ሚዛን ያገኘሃትን ሴት ነገ እንዴት ታምናታለህ?»



ቅዳሜ አቶ ክፍሉ ከአለማየሁ ጋር ወደ መደብሩ መጡ። ጥዑመልሳን ፓኬጁን እንዳቀፈ በሩ ጋ ቆሟል። አለማየሁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወርቁ ያለባትን ትንሽ ሳጥን በሁለት እጁ አድርጎ በትሕትና ለልዩ ሰጣት። ልዩ ኤሲውን አጠፋች። ወርቁን ገለበጠችው፤ ጀርባው ላይ ክንፍ ያላት ሴት ቆማለች።

«መልአክ አለበት» አሉ አቶ ክፍሉ ቀስ ብለው።

«የድል ምልክት ናት አባዬ። ሮማውያን ለድልም ክንፍ ይሠሩላታል።»

ሳንቲሙን ሚዛኑ ላይ አኖረችው። ቁጥሩ መዋዠቅ ጀመረ። የጥዑመልሳን እጅ ሳያስበው የበሩ እጀታ ላይ አረፈ። ትንሽ ቢገፋው ንፋሱ ቁጥሩን ይበትነዋል፤ ይህች ደቂቃ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ትዘገያለች። ልዩ ቀና ብላ አየችው፤ እንደ መጀመሪያው ቀን። እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ። ትንፋሹንም ያዘ።

ቁጥሩ ረጋ።

«አራት ነጥብ አራት ሰባት ግራም» አለች ልዩ። «ልኩ አራት ተኩል ነው። የጎደለችውን ትንሽ ዘመን በልቷታል። እውነተኛ ነው።»

አቶ ክፍሉ ፊታቸው በራ። እግዚአብሔርን አመስግነው፣ ነገሩ እንዳለቀ፣ ቃላቸው ቃል እንደሆነ ለአለማየሁ ነገሩት።

«ቃሉ ያንተ ነው አባዬ» አለች ልዩ። «እኔ የመዘንኩት ሳንቲሙን ነው። እኔ ሚዛን ላይ አልወጣሁም። አላገባውም።»

«ታዲያ ጎድሏል ብትይ አይቀልሽም ነበር?» አሉ አቶ ክፍሉ።

«ይቀለኝ ነበር። ግን እምቢ ያለው ሚዛኑ ይሆን ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ መሆኔን እንድታውቅ ነው።»

«ማንን ብለሽ ነው?»

«በሩ ጋ ላቡን የሚያፈሰውን።»

ጥዑመልሳን ፓኬጁን መሬት አስቀምጦ ለአቶ ክፍሉ እጅ ነሳ። «ጥዑመልሳን እባላለሁ። ሽማግሌ እልካለሁ። ቢመልሱብኝም ደግሜ እልካለሁ።»

«ፓኬጅ መሰለህ እንዴ፣ ደጋግመህ የምታመላልሰው» አሉ አቶ ክፍሉ።

«ፓኬጅ እንኳ ባለቤቱ በሩን እስኪከፍት እየተመላለስን ነው የምናደርሰው፣ ጋሼ።»

አለማየሁ ሳጥኗን ዘጋ። ደህና ሰንብቺ ሊላት ፈልጎ አልሆነለትም። በአንገቱ ብቻ ሰላም ብሏት ወደ በሩ ዞረ።

«ቃሌን አሳጠፍሽኝ» አሉ አቶ ክፍሉ። በድምፃቸው ከቁጣው ይልቅ ድካሙ ይሰማ ነበር። ልዩ አንገቷን አልደፋችም።

«አሁን በሩን ክፈተው» አለችው ጥዑመልሳንን።

ወለል አድርጎ ከፈተው። አባቷና አለማየሁ ወጡ፤ የነሐሴው ንፋስ ገባ። ባዶው ሚዛን ላይ ቁጥሩ እንደ እብድ ይዘል ጀመር። ያየው ግን አልነበረም።