ራቅ በል፣ ዜሩ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን ታሪኩን ከራሱ ከፊልሞን አፍ ሰምቼ፣ የቆርቆሮውን በር በዓይኔ አይቼ ነው የምጽፍላችሁ።

ሌሊት አይደለም። ጨለማም የለበትም። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ጊዜ ነው የሆነው።

ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ።

ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ጠርዙ ላይ ከተረፉት ጥቂት ቤቶች አንዱ የጋሽ ሀብተሥላሴ ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ እዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጨናንቆ ጨዋታ ያያል። ከበሩ ውጭ ቀጭን መተላለፊያ አለ። ከመተላለፊያው ማዶ የቆርቆሮ አጥር፤ ከአጥሩ ወዲያ ባዶ ሜዳ። ድሮ ቤት የነበረበት፣ ዛሬ አፈር ብቻ የቀረበት።

ፊልሞንና ታላቅ ወንድሙ ዘሩባቤል የተወለዱት እዚያ፣ አሁን ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ነው። ዛሬ ከእናታቸው ጋር አፍንጮ በር ይኖራሉ። ጴንጤዎች ናቸው። እናታቸው እትዬ ዘርፌ፣ "ጌታን ተቀብላችሁ ስታበቁ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ! ትሉብኛላችሁ" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ፊልሞንን የክለቡ ደጋፊ ያደረገው ዘሩባቤል ነው። በልጅነቱ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ስታዲየም ያስገባው፣ ስካርፍ የገዛለት፣ ሲሸነፉ አብሮት ያለቀሰው እሱ ነው። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ፣ ለፊልሞን ወንድምም አባትም ነበር።

ግን ዘሩባቤል አንድ ችግር ነበረበት።

እግረ ደረቅ ነው።

እሱ ጋሽ ሀብተሥላሴ ቤት ሲገባ በጊዮርጊስ ላይ ጎል ይቆጠራል። ስልክ ላናግር ብሎ ሲወጣ ጊዮርጊስ ያገባል። አንዴ ሁለቴ ቢሆን አጋጣሚ ነው። አምና ግን ጨዋታ በመጣ ቁጥር ሆነ። በመጨረሻ ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ "ዜሩ የኔ ልጅ፣ ለክለቡ ስትል ውጭ ሆነህ ብትደግፍስ?" አሉት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘሩባቤልም ስቆ ተነሳ።

"ለጊዮርጊስ ከሆነ ጣራ ላይም እወጣለሁ፣ ጋሽ ሀብቴ።"

ፊልሞን በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ያዘ። የቆርቆሮው በር ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። በየመሃሉ ከውጭ ሹክሹክታ ይመጣል።

"ፊሌ... ስንት ነን?"

"ዜሮ ለዜሮ።"

"እሺ... አይዟችሁ።"

ቆይቶ ሌላ ነገር ደረሱበት። ዘሩባቤል በሩ ላይ ሲቆም አንድ ያገባሉ። መተላለፊያው ጫፍ ድረስ ሲሄድ ሁለት። "ራቅ በል በለው!" የቤቱ መዝሙር ሆነ። ፊልሞን በስልክ ያስተላልፋል፤ ወንድሙ እየሳቀ ይርቃል። ቀልድ ነበር። ቀልድ ቤት ያጠፋል ሲሉ ግን አልሰማችሁም?

ፊልሞንን መጀመሪያ ያስደነገጠው ጩኸቱ ነው።

ኳስ ቤት የሚያዘወትር ሰው ያውቀዋል። የጎረቤት ዲሽ ከእናንተው ከፈጠነ፣ ጎሉ ለእናንተ ሳይታይ ጩኸቱ ይቀድማል። አንድ ቅዳሜ የጊዮርጊስ ተከላካይ ገና ኳሷን ሲያቀብል፣ "ጎ...ል!" የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ጊዮርጊስ አገባ።

ሁሉም ጨፈረ። ፊልሞን ግን ከመቀመጫው አልተነሳም።

ጩኸቱ የመጣው ከአጥሩ ወዲያ ነበር።

እዚያ ደግሞ ቤት የለም።

ከባላንጣቸው ጋር የሚጫወቱበት ቀን ደረሰ። ጋሽ ሀብተሥላሴ እንደ ልማዳቸው ጨዋታው ሲጀመር በሩን ቀረቀሩት። ከዚያ በኋላ መግባትም መውጣትም የለም፤ ዕድል ይቀየራል ይላሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ለአንድ ነበሩ።

"ራቅ በል በለው!"

ፊልሞን ደወለ። "ዜሩ፣ የት ነህ?"

"አጥሩ ጋ። አንዱ ቆርቆሮ ተነቅሏል... ልግባ እንዴ?"

"ተው፣ ይበቃሃል።"

ከኋላው የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን ነጠቀው። "ግባ ዜሩ! ግባ የኛ ጀግና!"

ፊልሞን ስልኩን ሲያስመልስ የወንድሙ ኮቴ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ አፈር ላይ... ቀጥሎ ድንጋይ ላይ። የድሮው ሰፈራቸው መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ነበር። ተነቅሎ ካለቀ ግን ቆይቷል።

"ፊሌ..."

"አቤት?"

"የኛ ግቢ በር... ቆሟል።"

"ምን አልክ?"

"ውስጥ ጨዋታ እያዩ ነው። ሰዉ ሙሉ ነው። ቦታ ይዘንልሃል፣ ና ግባ እያሉኝ ነው።"

"እነማን ናቸው? ዜሩ፣ እነማን?"

ኮቴው ወደፊት ቀጠለ።

"እዚህ... እግረ ደረቅ አይሉኝም፣ ፊሌ።"

ፊልሞን ወደ በሩ ዘለለ። "አትግባ! ዜሩ፣ አትግባ!"

ያዙት። እንደ ወንድም የሚያያቸው ሰዎች ናቸው ክንዱን ጠምዝዘው ያስቀመጡት። "ሊያልቅ ነው፣ ቁጭ በል!" ጋሽ ሀብተሥላሴ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ቆሙ። "አይዞህ ልጄ፣ ወንድምህ የት ይሄዳል?"

ስልኩ ውስጥ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

ከዚያ ጩኸት። "ጎ...ል!"

ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጎሉ ገባ።

በሩ ሲከፈት ፊልሞን ሮጠ። የተነቀለውን ቆርቆሮ አልፎ ሜዳው ላይ የወንድሙን ዱካ አገኘ። ዱካው የግቢያቸው በር የነበረበት ቦታ ድረስ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ የለም። ፖሊስ ፈለገ፣ ቤተሰብ ፈለገ፣ ቤተ ክርስቲያን ጾመች። እትዬ ዘርፌ ከዚያ ወዲህ ቀልደው አያውቁም።

ፊልሞን ግን አንድ ነገር አሰበ።

ዜሩ ሲርቅ የሚያገቡ ከሆነ... ሲቀርብ ደግሞ ይገባባቸዋል። እንግዲህ ከተሸነፉ ዜሩ ይመለሳል።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጊዮርጊስ እንዲሸነፍ ጸለየ። ተንበርክኮ፣ እያለቀሰ። ክለቡ ግን ያሸንፋል። ደግሞ ያሸንፋል። ሰው ሲጨፍር እሱ ፊቱን ይሸፍናል። እያንዳንዱ ጎል ወንድሙን እያራቀበት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፊልሞን በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ጊዮርጊስ ላይ አንድ ተቆጠረ።

ከአጥሩ በኩል ቆርቆሮ ተንቋቋ።

ሁለተኛው ተቆጠረ። መተላለፊያው ላይ ኮቴ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ የደከመው ሰው ኮቴ።

ፊልሞን በደስታ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። "አንድ ብቻ... ጌታ ሆይ፣ አንድ ብቻ።"

ሦስተኛው ተቆጠረ።

በስንጥቁ የሚገባው ብርሃን ጠፋ።

ሰዉ ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ሁሉም ሰምቷል። በስንጥቁ ጣቶች ገቡ... ጥፍራቸው አፈር የሞላው።

"ፊሌ... ስንት ነን?"

ፊልሞን መቀርቀሪያውን ሊይዝ ሲወረወር ብዙ እጅ አነቀው። አፉንም አፈኑት። ጋሽ ሀብተሥላሴ ወደ ስንጥቁ ጎንበስ አሉ።

"ራቅ በል" አሉ በሹክሹክታ።

ሌላውም ተቀበለ። ከዚያ ቤቱ በሙሉ።

"ራቅ በል... ራቅ በል..."

ጣቶቹ አንድ በአንድ ወጡ። ኮቴው ራቀ። ከአጥሩ ወዲያ ያ ጩኸት ተነሳ፤ ቀጥሎ ጊዮርጊስ አገባ።

ሰዉም ጨፈረ። አዎ፣ ጨፈረ! እኔ ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

ሲጨፍሩ ለቀቁት። ፊልሞን በእንብርክኩ ወደ በሩ ተጠጋ። ስንጥቁ ውስጥ የስካርፍ ጫፍ ተሰክቶ ቀርቷል። የዜሩ ስካርፍ ነው።

በሁለት እጁ ይዞ ሳበው።

ከውጭም ሳቡት።

የአንድ ሰው ጉልበት አልነበረም።