ባጁን የሚረሳው ጠራጊ

ያሪትዛ የምትንቃቸውን ነገሮች ልቁጠር ብትል ቀኑ አይበቃትም ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን የምትሸጠውን ሳንድዊች ነው።

ስሙ «የካፒቴኑ ድግስ» ይባላል። ድግስ! ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ፣ በመሐሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ የአሳማ ሥጋ፣ በላዩ ከላስቲክ የማይለይ ፎርማጆ። ሆኖም በአሜሪካ፣ በኦርላንዶ ከተማ ዳርቻ ባለው «ወርቃማ መልሕቅ» በተሰኘው የባሕር ወንበዴዎች መዝናኛ መንደር ውስጥ ዋጋው ከዚህ የረከሰ ምግብ የለም። ስለዚህ ፀሐይ ያቃጠላቸው ቤተሰቦች የፕላስቲክ ጎራዴያቸውን እንደያዙ ከመስኮቷ ፊት ይሰለፋሉ፤ በልተውም «በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ነገር!» እያሉ ይደነቃሉ። ያሪትዛ የባሕር ወንበዴ ባርኔጣዋን አቃንታ ፈገግ ትላለች። ፈገግታው የደንብ ልብሱ አካል ነው። በልቧ ግን «ብሉ፤ ለእናንተ ይህም ይበዛባችኋል» ትላለች።

መስኮቷ ሌላም ሥራ ነበረው። ደረቱ ላይ የሚለጥፈውን የስም ባጅ ቤቱ ረስቶ የመጣ ሠራተኛ የውሰት ባጅ የሚቀበለው ከእሷ ነው። በውሰት ባጆቹ ሁሉ ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፦ «ቴሪ»። በመንደሩ ሠራተኞች ዘንድ «ቴሪ» መባል «ዝንጉ» ተብሎ መሰደብ ነው።

ግቢውን የሚጠርገው ዌንዴል፣ ረጅምና ጆሮው ቶሎ የሚቀላ ወጣት፣ ቴሪ መሆን ያበዛ ነበር።

«ደግሞ ረሳህ?» አለችው አንድ ጠዋት።

«ረ... ረሳሁ።»

«ጭንቅላትህም ከአንገትህ ባይያያዝ ይሄኔ ቤት ቀርቶ ነበር። የምታገባህ ሴት ከአሁኑ ታሳዝነኛለች። ገበያ ይዘሃት ትወጣና እዚያው ጥለሃት ትመለሳለህ።»

ጆሮዎቹ ቀሉ። ባጁን ተቀብሎ መጥረጊያውን እየጎተተ ሄደ።

«እንጨት!» አለች ያሪትዛ። ጥግ ዞሮ እስኪሰወር ድረስ ግን ዓይኗን ከጀርባው ላይ አልነቀለችም።

ነገሩ ከአለቃቸው ከብሬንት ጆሮ ደረሰ። ብሬንት ሳንድዊቹን «የመንደራችን ኩራት» እያለ የሚያወድስ፣ የራሱን ምሳ ግን ከቤቱ ቋጥሮ የሚመጣ ሰው ነው።

«ስማ ዌንዴል» አለው ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «ነገ ያለ ባጅ ከመጣህ መጥረጊያውን አስቀምጠህ ትሄዳለህ።»

ያሪትዛ ያን ቀን ሥጋውን ስትደረድር እጇ ተሳሳተባት። ቢባረር ምን አገባኝ አለች። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማንን እንደምትሰድብ አሰበች፤ ይህን በማሰቧም ራሷን ናቀች።

በማግስቱ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ አየችው። ደረቱ ላይ ምንም የለም።

«አብደሃል?» አለችው ተራው ሲደርስ። «ብሬንት ይኸው እዚያ ቆሟል! ሩጥ፣ ቤትህ ሂድና አምጣው!»

«ቤት አይደለም ያለው።»

«የት ነው ታዲያ?»

ከኪሱ አወጣው። የራሱ ባጅ ነው፤ የራሱ ስም አለበት።



«ረስቼ አላውቅም» አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። «ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ነው። ወደዚህ መስኮት መምጫ ሌላ ምክንያት አጥቼ ነው።»

«አንተ ጅል! እንደ ሰው ሳንድዊች አትገዛም ነበር?»

«እወድሻለሁ፣ ያሪትዛ» አለ ዌንዴል። «ግን ይሄን ነገር ማን ይበላዋል?»

ያሪትዛ ሳቀች። ያ የደንብ ልብሱ ፈገግታ አልነበረም፤ ባርኔጣዋን ከራሷ ላይ የጣለ ሳቅ ነው። አጠገባቸው ይበሉ የነበሩት እንግዶች ማኘካቸውን ትተው ዳቧቸውን ገልጠው ወደ ውስጥ አዩ።

ብሬንት እየሮጠ ደረሰ። «የባጁን እንኳ ይቅር ባልኩህ ነበር! ሳንድዊቹን በእንግዳ ፊት መስደብ ግን... ውጣልኝ!»

ዌንዴል መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ።

«አንቺም ፈገግ በይ እንጂ፤ እንግዶች እየጠበቁ ነው» አላት ብሬንት ወደ ያሪትዛ ዞሮ።

«ፈገግ ብዬ ነበር» አለችው ያሪትዛ። «አሁን ያባረርከው እኮ ፈገግታዬን ነው።»

የሥራ ሰዓቷ አልቆ ስትወጣ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። ዌንዴል የሠራተኞች አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል።

«እስካሁን እዚህ ነህ?»

«እየጠበቅኩሽ ነው።»

«ፀሐይ ላይ? ጥላ የሚባል ነገር መኖሩን የነገረህ ሰው የለም?»

ገፋ አድርጋው አጠገቡ ተቀመጠች። እጁን ቀስ አድርጎ እጇ ላይ አሳረፈ፤ አልነጠቀችውም።

«ነገስ?» አለች። «ሥራ የለህ፣ መስኮት የለህ። ምን ምክንያት ይዘህ ልትመጣ ነው?»

«አንቺን ነዋ» አለ። በዚህ ጊዜ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

ያሪትዛ ከእግሩ እስከ ራሱ በንቀት አየችው፤ በሌላ ዓይን ማየት አታውቅበትም። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሁለቱም አልተነሱም። ሾፌሩ አንገቱን አስግጎ ጠበቃቸው።

«ምን ታፈጣለህ?» አለችው ያሪትዛ። «ሂድ!»