የእርጥብ ሣር ጥፋት

ሣር ሲረጥብ ያንሸራትታል። ይህን ታላቅ እውነት ያወጁት ዶክተር ሳህሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰርና የእግር ጉዞ ማኅበሩ ሊቀ መንበር። ሳን ሆዜ ባለው ለቅሶ ቤት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አወጁ። ለቀስተኛው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። የኦክላንድ ወደብ የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው ሰርፀ፣ ከማኅበሩ ጋር በሄደበት ደሴት፣ በሣሩ ጥፋት ከገደል ወድቆ ሞተ። በቃ።

እኅቱ ሠናይት ራሷን አልነቀነቀችም። «አደጋ» ተብሎ ከተፈረመ ነገሩ ይዘጋል፤ ወንድሟም ሣር የጣለው ቀልቃላ ሆኖ ይቀራል። የካውንቲው የአሟሟት መርማሪ ዘቢባ ሳትፈርም ቦታውን እንድታየው ለመነቻት።

ዘቢባ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ተሻግራ ተራራውን ወጣች። የተራራው አናት ሰፊ ሜዳ ነው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ከዚያ ሜዳው ድንገት ያልቅና ከሥር ባሕሩ ይጮኻል። ጠርዙ ላይ ሁለት የሰርፀ ጫማ ዱካዎች አገኘች፤ ተረከዛቸው ወደ ባሕሩ፣ አፍንጫቸው ወደ ሜዳው። ዙሪያው ያለው ሣር አልተነጨም። የሟቹም ጥፍሮች ንጹሕ ነበሩ። የሚንሸራተት ሰው ደግሞ ያገኘውን ሳይጨብጥ አይወርድም።

አብረውት የወጡት ሦስት ናቸው፤ ዶክተር ሳህሌ፣ ነርሷ መቅደስና የሠናይት ባል አቤሴሎም። ለየብቻ ጠየቀቻቸው። ጉም ወረደ፣ ተጠፋፋን፣ ስንፈልገው ዋልን አሉ። በሰርፀና በአቤሴሎም መካከል ጠብ ነበረ ወይ ስትል፣ አብረው እንዳጠኑት ጸሎት አንድ ዓይነት መለሱላት፤ ፍቅራቸው ለሰው ይተርፍ ነበር።

«ስትፈልጉት አቤሴሎም ምን ይል ነበር?» አለቻት መቅደስን።

«አትጨነቁ፣ ወደ ጀልባው ወርዶ ይሆናል እያለ ያጽናናን ነበር።»

«አስከሬኑን መጀመሪያ ያየው ማነው?»

«የነፍስ አድን ሰዎች ናቸው። ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ።»

ዘቢባ ኤል ሴሪቶ ሄዳ የዶክተሩን ባለቤት ወይዘሮ ማርያምን አገኘች። ለሠናይት መርዶውን ያረዷት እሳቸው ናቸው። እንዴት እንደሰሙ ጠየቀቻቸው።

«መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ልጄ። አቤሴሎም ከተራራው ላይ ኮል አድርጎ፣ እትዬ፣ ሰርፀ አልፏል፤ ሰው ይዘው ይግቡ፣ ስልኳን ይውሰዱባት አለኝ። ጥቁሬን ለብሼ ጎረቤት ሰብስቤ ገባሁ።»

«ለዶክተርስ አልደወሉም?»

«ወዲያው ደወልኩ እንጂ። ገና እየፈለግነው ነው አሉኝ። እኔን በስልክ ላለማርዳት መስሎኝ የሰማሁትን አልነገርኳቸውም። ወግ ነዋ።»

በማግሥቱ ጠዋት ዘቢባ ሁሉንም ለቅሶው ቤት፣ ሠናይት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዱካውን፣ ሣሩን፣ ጥፍሩን አንድ በአንድ ነገረቻቸው።

«ሰርፀ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ፣ ከፊቱ ከቆመ ሰው ጋር እያወራ ነበር» አለች። «ጉሙ ሳይገፈፍ፣ ዶክተር ስሙን እየጠሩ ሳሉ፣ ኤል ሴሪቶ ጥቁር ተለብሷል። መርዶው ከአስከሬኑ ቀድሟል። መሞቱን ያወቀ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አቤሴሎም ላቡን ጠረገ። ሲወድቅ አይቶት እንደነበር፣ ደንግጦ ለጓደኞቹ መናገር እንዳቃተው ተናገረ።

«ሰው ሲወድቅ ያየ ለነፍስ አድን ይደውላል» አለች ዘቢባ። «ሰርፀ በሕይወት ይኑር አይኑር ወርደህ አላየህም። አንተ የደወልከው ለለቅሶ ነው። ገፍትረህ ጣልከው፤ ከዚያ ሚስትህ መርዶውን ያለ ወግ እንዳትሰማ ተጨነቅክ።»

ዶክተር ሳህሌ እጃቸውን አነሡ።

«የኔ ልጅ፣ ምክንያት የሌለው ነገር አይወራም። እነዚህ ልጆች የሚጣሉበት አንዳች ነገር አልነበረም። ፍቅራቸው ለሰው…»

ሠናይት የጥቁር ቀሚሷን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበችው። ክንዷ ላይ የአምስት ጣት ምልክት ነበር፤ አሮጌው ቢጫ፣ አዲሱ ወይን ጠጅ።

«ወንድሜ ሁለተኛ እንዳትነካት ሊለው ነው የወጣው» አለች።

ዘቢባ የሠናይትን ክንድ ትታ የሌሎቹን ፊት አየች። ዶክተሩ ምንጣፉን፣ ወይዘሮ ማርያም መስኮቱን፣ መቅደስ የገዛ ጣቶቿን ያዩ ነበር። ማንም «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ አልጠየቀም።