መሪጌታ ምንም አልቀመሱም

የሞጣው ጊዮርጊስ ምስክሬ ነው፤ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ለማመን ያስቸግራል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው አላመንኩም ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ ራሴው ሳወራው ግን አመንኩ።

ቢቸና ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ጤና ጣቢያ፣ ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ አልጋቸው ላይ ሞቱ። የሳንባ ምች ይዟቸው ተኝተው ነበር፤ እያገገሙም ነበር። ነርሷ ሉሊት መርፌ ወግታቸው ገና ከክፍሉ ሳትወጣ አረፋ ደፈቁ።

ሉሊት ከጅማ ተመድባ ከመጣች ስድስት ወር አይሞላትም። ለፖሊስ ያስያዛት በገዛ እጇ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፦ «ከትናንት ማታ ጀምሮ በአፋቸው ምንም አልወሰዱም።» ካልበሉና ካልጠጡ ሰውነታቸው ውስጥ የገባው መርፌው ብቻ ነዋ! ኢንስፔክተር ቢያዝን ይህን ስሌት በአንድ ደቂቃ ጨረሰ። ውጭ የተሰበሰበው ሕዝብ ደግሞ በግማሽ ደቂቃ ጨርሶ ድንጋይ ይዟል።

አንጋፋዋ ነርስ ሲስተር ሀብትነሽ ነገሩን እንዲያጣሩ ከሞጣ ተጠሩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ያናገሩ ሴት ናቸው። ጠይቀው ዝም ሲሉ ግድግዳ ይናዘዛል ይባላል። አንዲት ፍየል እንኳ ዓይን ዓይኗን ሲያዩዋት የማን ጎመን እንደበላች ተናግራለች።

መጀመሪያ አስከሬኑን አዩ። ትራሱ በምራቅ ርሷል። የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርገው ብሌኑን ተመለከቱና ምንም ሳይናገሩ መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ሉሊት ወደታሰረችበት ሄደው ከእሷ ዝቅ ያለ ዱካ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ከበሩ ስትገቢ ጀምሮ ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ላብ አጥምቋቸው ነበር። እንዴት አደሩ አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ።»

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ደህና ነኝ አሉ ብዬ።»

ሲስተር ዝም አሉ። ሉሊት እንባዋ መጣ። «ምግብ ወይም መጠጥ ቀምሰዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እህል ውሃ አልቀመስኩም አሉኝ፤ በገዛ አፋቸው! ታዲያ ሽማግሌ ዋሹ ልበል?»

«አልዋሹም» አሉ ሲስተር እየተነሱ። «ጥያቄሽ ግን ከአዎና ከየለም ሌላ መውጫ አልነበረውም።»

የሟች ሚስት እመት አገሬ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ቀልቶ እንባው አያቋርጥም። አጠገባቸው የመሪጌታ የወንድም ልጅ ፋንታ ቆሟል፤ አንገቱ ላይ ትልቅ የእንጨት መስቀል ያንጠለጠለ ጎልማሳ።

«እመት፣ ጠዋቱ እንዴት ነበር?»

«ምን ብለው ይመልሱ፣ ባል የሞተባቸው ሴት!» አለ ፋንታ። «እኔን ይጠይቁኝ። አጎቴ ከታመሙ ወዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ይኸው ዛሬም እህል በአፌ አልዞረም።»

«ጎበዝ። እስቲ ለእመት ወንበር ፈልግላቸው» ብለው ሸኙት።

ብቻቸውን ሲቀሩ ሲስተር ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ከነቁበት ጀምረው ያጫውቱኝ።»

እመት አገሬ ስለ ሳሉ አወሩ። ስለ ሰኞው ችሎትም አወሩ፤ ፋንታ በድንበር ጠብ ሰው በገጀራ ሲያቆስል መሪጌታ አይተዋል፤ «እውነቱን ሳልመሰክር አልሞትም» ይሉ ነበር። ሲስተር ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም አሉ።

«ከዚያ… ጠበላቸውን ጠጡ።»

«ጠበሉን ማን አመጣው?»

«ቄስ አምላኩ ናቸው፣ በጠርሙስ፣ ከሞጣ። በር ላይ ለፋንታ ሰጡት፣ እሱ ለእኔ አቀበለኝ። እኔ ፋንታን ቅመስ ስለው በልቻለሁ አለ። የተረፈውን እኔ ፊቴን አበስኩበት።»

«ለኢንስፔክተሩ ነግረውታል?»

«እሱ የጠየቀኝ ምግብ ሰጥተሻቸዋል ወይ ብሎ! አልሰጠሁም፣ አልኩት።»

ሲስተር የእመት አገሬን ዓይን በብዙ ውሃ አሳጠቡ፤ ሐኪምም አያቸው። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም፣ ቄስ አምላኩንም ጨምረው፣ መሪጌታ የሞቱበት ክፍል ሰበሰቧቸው። ሉሊት በካቴና ቆማለች።

«በዚህ አገር ጠበል ከምግብ ወይም ከመጠጥ አይቆጠርም» ሲሉ ጀመሩ። «መሪጌታ እውነታቸውን ተናገሩ፣ ሉሊትም የሰማችውን ጻፈች። ገዳዩ ስለ ጠበል ማንም እንደማይጠይቅ ያውቃል።»

«መርፌውስ?» አለ ቢያዝን።

«ላቡ ከመርፌው ይቀድማል። ያንኑ መድኃኒት ዛሬ የተወጉ ሁለት በሽተኞች እዚያ ማዶ ተቀምጠው ያወራሉ። የመሪጌታ ብሌን ጠቧል። አሁን የእመትን ዓይን እይ።»

ቢያዝን ጎንበስ ብሎ አየ። «የመርፌ ጫፍ አክሏል!»

«ይኸው የጠበሉ ጠርሙስ፤ አሽትተው።»

አሽትቶ ፊቱን አዞረ። «የተባይ መድኃኒት!»

«እመት ቢያውቁ ፊታቸውን አያብሱበትም። ቄስ አምላኩስ?»

«እኔማ ሞጣ ላይ ከመሳፈሬ በፊት ከዚሁ ጠርሙስ ጠጥቻለሁ» አሉ ቄሱ። «መንገደኛው ሁሉ አይቷል።»

«እንግዲህ መርዙ የገባው ቢቸና ላይ ነው፣ ከበሩ እስከ አልጋው ባለው መንገድ።»

ፋንታ ሳቀ። «በእጄ ስላለፈ ነው ነፍሰ ገዳይ የምባለው?»

«በእጅህማ ቢያልፍ ምንም አልነበረም። እኔን እህል በአፌ አልዞረም አልከኝ። እመትን ደግሞ በልቻለሁ አልካቸው። ባዶ ሆዱን የዋለ ጿሚ ጠበል ለምን ይሸሻል?»

ጠይቀው ዝም አሉ። ፋንታ መስቀሉን ያዘ፣ ለቀቀ። ግንባሩ ላብ አወጣ።

«ሰኞ ሊያሳስሩኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያሳደጉኝ ሰው!»

«በእኔ እጅ!» ብለው ጮኹ እመት አገሬ። «በእኔ እጅ አጠጣሃቸው!»

ካቴናው ከሉሊት እጅ ወጥቶ ፋንታ እጅ ላይ ገባ። ሉሊት አልተንቀሳቀሰችም።

«ሲስተር፣ ላቡን አይቼ የት ነው የሚያምዎት ብላቸው ኖሮ፣ ይድኑ ነበር?»

ሲስተር አሁንም ዝም አሉ፤ የአሁኑ ዝምታ ግን እንደ ሌላው አልነበረም። «ምናልባት» አሉ፣ ቆይተው።

ሉሊት ስትወጣ ሕዝቡ ድንጋዩን ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

ምያለሁና ልናዘዝ፤ ከራሴ የጨመርኩት ይህቺን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ድንጋዩንስ ጥለዋል። ይቅርታ የጠየቃት ግን አንድ ሰው የለም።