መምህሩ ያላነበቡት ቁጥር

ጠዋቱ እንደወትሮው ነበር። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ከጥናት ክፍላቸው ሆነው የአየር ሁኔታ መለኪያቸውን ጮክ ብለው አነበቡ።

«እርጥበት አርባ አንድ! ግፊት ሺህ አሥራ ዘጠኝ!»

«ልብሱን ልጠበው ወይስ ልተወው?» አሉ ባለቤታቸው ከወጥ ቤት።

«እጠቢው፤ ዛሬ ጠብ የምትል የለችም።»

ባለቤታቸው አጥበው አሰጡና ገበያ ሄዱ። ሲመለሱ መምህሩ ጓሮ ውስጥ፣ ከመሰላሉ ሥር ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ሞተው ነበር። እጃቸው ላይ መወልወያ ጨርቅ አለ። ከበላያቸው፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ ውጭ የሚተከለው የመለኪያው ክፍል ነጭ ቆብ ለብሶ ተሰቅሏል።

«መሰላሉን ሁልጊዜ የምይዝለት እኔ ነኝ» አሉ ሴትዮዋ። «ጥዬው ሄድኩ። እኔው ገደልኩት።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ለማጽናናት አልቸኮለችም።

«ያለ እርስዎ ወጥተው ያውቃሉ?»

«አንድም ቀን! ተራራ ሲያስተምር ኖሮ ወንበር ላይ መውጣት ይፈራል።»

ተከራያቸው ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ድምፅ በቀር ምንም አልሰማም።

«ስለ ግፊት አውርተውህ ያውቃሉ?»

«ግፊት ሲሉኝ እኔ የማውቀው የደሜን ነው። ግን በየጠዋቱ የሚቀሰቅሰኝ የሳቸው ‹ሺህ ምናምን› ነው። ዛሬም ሺህ አሥራ ዘጠኝ ብለዋል።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የቤት ደላላ ነው።

«ረፋዱ ላይ አየሁት» አለ። «መለኪያውን እያየ ‹ግፊቱ ወደ ሰባት መቶ ሰባ ሁለት ወርዷል፤ ዝናብ ሳይመጣ ቆቡን ልወልውለው› አለኝ። ተሰናብቼው ወጣሁ።»

«ምን ጉዳይ ነበራችሁ?»

«ወንድሜን ለማየት ጉዳይ ያስፈልገኛል እንዴ?»

«የአባታችሁ ቤት ይሸጥ እያልክ ስትጨቀጭቀው አልከረምክም?» አሉ ሴትዮዋ።

መርማሪዋ ጥናት ክፍሉ ገባች። መለኪያው 772 ይላል። ጥጉ ተሰንጥቋል፤ የባትሪው ክዳን በደንብ አልገጠመም። አቧራ የለበሰው ጠረጴዛ አንድ ጠርዙ ብቻ ተወልውሏል። ሁሉንም ጠራቻቸው።

«ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ያለው ግፊት በእርግጥም ሰባት መቶ ሰባ ምናምን ነው። መምህሩ ግን የቦታውን ከፍታ ሞልተውበት ስለነበር፣ መለኪያው በባሕር ወለል ልክ አስልቶ ሺህ ምናምን ይላል። ተመልከቱ።»

ከፍታውን ሞላች፤ ቁጥሩ 1018 ሆነ። ባትሪውን አውጥታ መለሰች፤ 772።

«ባትሪው ሲወጣ የሞሉበትን ይረሳል። ጠዋት አልረሳም ነበር። የረሳው ከዚህ ጠረጴዛ ላይ ወድቆ ባትሪው ከወጣ በኋላ ነው።»

«ወንድሜ ራሱ ጥሎት ቢሆንስ?» አለ ደላላው።

«ዕድሜያቸውን ይህን ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ይህን ቁጥር አይተው ‹ዝናብ መጣ› አይሉም፤ ‹መለኪያዬ ተዛባ› ነው የሚሉት። እርስዎ ግን፣ እርጥበቱ ሳይዛባ አርባ አንድ ይል ስለነበር፣ ግፊቱንም አመኑት። ቁጥሩን ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ያኔ መምህሩ እግርዎ ሥር ወድቀው ነበር።»

ደላላው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «አንዴ ነው የገፋሁት... የጠረጴዛው ጠርዝ መታው።»

«ከዚያ ጓሮ አወጧቸው፤ መሰላሉን አቆሙ፤ ጨርቁንም እጃቸው ላይ አደረጉ። ባለቤታቸው ‹እኔው ገደልኩት› ብለው ሲያለቅሱም ዝም አሉ።»

ሴትዮዋ አልጮኹም። «መሰላሉ ላይ አልወጣማ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔን ጠብቆኛል።»

በማግስቱ መለኪያው ቦታው ላይ ነበር፤ እርጥበቱም ግፊቱም ይታያል። ጮክ ብሎ የሚያነብ ግን የለም።