መስኮት የነበረው ግድግዳ

የምሠራበት የካርታ ክፍል የቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ትልልቆቹን አትላሶች ከምድር ቤት አቅፌ የማወጣው እኔ ነኝ። ቤቴ ስገባ ትከሻዬ የራሴ አይመስለኝም።

እሱ የሚመጣው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ይደርሳል። የመጀመሪያ ቀን የጠየቀኝን አልረሳውም።

«ደሴቷ በግራ በኩል ያለችበት ካርታ ይኖራችኋል?»

«የትኛዋ ደሴት?»

ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ካርታ ቀኝ ጥግ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይቺ። ቦታዋ እዚህ አልነበረም። ከአህጉሩ በስተግራ ነበረች፤ ብቻዋን፣ ባሕሩ መሀል።»

አልሳቅሁም። ሳቅም ጉልበት ይጠይቃል። አንድ አትላስ አወጣሁለት፣ ከዚያ ሌላ። በሁሉም ደሴቷ ቀኝ ናት።

መዝገብ ቤት ያሉት እትዬ ወዲያው ስም አወጡለት። ደረጃውን ሲወጣ ባዩት ቁጥር «ደሴቱ መጣልሽ፤ ፀጉርሽን አስተካክዪ» ይሉኛል። እሳቸው ፊት አላስተካክልም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ከመስታወት ፊት ቶሎ አልነሳም ነበር።

በአምስተኛው ማክሰኞ አትላሱ ላይ ተደፍቶ እንቅልፍ ወሰደው። አልቀሰቀስኩትም። ሲነቃ የመጽሐፉ ጠርዝ ጉንጩ ላይ መስመር አስምሮበት ነበር። እያፈረ ነገረኝ። ከወፍጮው ጀርባ በነበረው ትምህርት ቤት አብረው የተማሩ፣ እሱን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁሉም ደሴቷን በግራ ያስታውሷታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከመካከላቸው ልብስ ሰፊ የሆነው ሰው ሱቅ ውስጥ ይሰበሰባሉ።

«አሥራ ሁለት ሰው አንድ ላይ አይሳሳትም» አለ። «ካርታው አልተቀየረም። እኛ ነን የተሻገርነው። የመጣንበት ሌላ ዓለም አለ።»

«እዚያ ምን አለህ?»

መስመሩ ያለበትን ጉንጩን ሲያሽ ቆየ።

«እህቴ። ያሳደገችኝ። እዚያ አልሞተችም።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስወጣ እስከ ፌርማታው አብረን መሄድ ጀመርን። ብዙ አናወራም፤ ሁለታችንም ደክሞን ነው የምንገናኘው። የተከራየው ቤት ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር እንኳን እንዳልመታ፣ ሻንጣውንም እንዳልፈታ የነገረኝ በመንገድ ላይ ነው። «እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ግድግዳ አይበሳም» አለ፣ እንደ ቀልድ።

አውቶቡሱ ሲመጣ እያየሁ፣ ፊቴን ሳላዞር ጠየቅሁት። «እኔስ? እዚያ አለሁ?»

«እሱን ነው የምፈራው» አለኝ።

አባቴ ታፔላና የትምህርት ቤት ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው። አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሾርባውን በማንኪያ የማጠጣው እኔ ነኝ። አንድ ምሽት ጨዋታ እንዲሆነው ብዬ ስለ ደሴቷ አነሳሁለት። ማንኪያውን በእጁ ገፋ አደረገው።

«የወፍጮው ጀርባ? የፈረሰው?»

«አዎ።»

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «መስኮት ነበረዋ! ዓለምን ከግራ ጀምሬ ስስል፣ ስስል ሄጄ ደሴቷ ጋ ስደርስ መስኮት! ታዲያ ደሴት መስታወት ላይ ልሳል? በግራ በኩል ባዶ ባሕር ስለነበረ እዚያ አሳረፍኳት። ዳይሬክተሩም ‹ከምትቀር ትሻላለች› አለኝ።»

ሾርባው ቀዘቀዘ። ለእነዚያ ልጆች ያ ግድግዳ ብቸኛ ካርታቸው ነበር፤ ስምንት ዓመት ሙሉ።

ሦስት ማክሰኞ ዝም አልኩ። ብነግረው እህቱን በእጄ የምቀብርበት መሰለኝ። ባልነግረው ደግሞ ሻንጣውን ሳይፈታ፣ አጠገቤ ቆሞ ወደ ሌላ ቦታ እያየ ሊኖር ነው። ለእሱ ብዬ ዝም ያልኩ እመስል ነበር፤ ግን እንዳይጠፋብኝ ፈርቼም ነው።

በአራተኛው ማክሰኞ ደረጃው ላይ ነገርኩት።

«መስኮት» አለ። ተመልሶ ወረደ።

ሁለት ማክሰኞ ቀረ። እትዬም መቀለዳቸውን ተዉ፤ እሱ ነው ይበልጥ ያስከፋኝ።

በሦስተኛው መጣ። ካርታ አልጠየቀም። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ቅዳሜ ነገርኳቸው። ‹በእኛ ዓለም ያ ግድግዳ መስኮት አልነበረውም› አሉኝ። አሥራ አንዱም፣ በአንድ ድምፅ።»

«አንተስ?»

«ምሳዬን ረስቼ ስሄድ እህቴ በዚያ መስኮት ነበር የምታቀብለኝ። አስተማሪው ሳያያት እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ።» የአትላሱን ሽፋን በጣቱ ነካው። «ደሴቷን በግራ ላቆይ ብል መስኮቱን መድፈኔ ነው። እሱን ከደፈንኩት እሷ የት ትቁም?»

አትላሱን ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሞታለች» አለ። ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቃሉን ከአፉ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እጄን ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጁ አጠገብ አኖርኩት። አልነካሁትም። እሱ ነው የነካኝ።

እሁድ ቤታችን መጣ። አባቴ አልጋው ላይ ደገፍ ብሎ ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«አባባ፣ የመስኮቱ ፍሬም ሰማያዊ ነበር አይደል?»

«ምን ሰማያዊ! አረንጓዴ ነው። በእጄ ነው የቀባሁት።»

«ሰማያዊ ነው። ከሥሩ ነበር የምቀመጠው።»

ተፋጠጡ። ማንኪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ሹፌሩ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ አባቴ የሚንቀጠቀጥ እጅ።

«እንግዲህ» አለ በመጨረሻ «ተሳስቼ ይሆናል።»

አባቴ በድል ሾርባውን ተቀበለኝ።

«አባባ፣ መዶሻ አለዎት?»

«ለምንህ ነው?»

«የእህቴን ፎቶ ልሰቅል ነው፣ ቤቴ።» አንገቱን ደፋ። «ከፍታውን የምታሳየኝ ልጅዎ ናት፤ እሺ ካለች።»

እሺ አላልኩም። ተነስቼ ከአልጋው ሥር የመዶሻውን ሳጥን መፈለግ ጀመርኩ።

«ቆይ» አለ አባቴ ከኋላዬ፣ አፉን እየጠረገ። «ከመምታትህ በፊት መስኮቱ የት እንዳለ እይ።»